ጕድለቱ መቼ ተጀመረ?

ሰው በእጁ ያለውን ዕቃ «ይበቃኛል» የሚለው በምን መለኪያ ነው? «አይበቃኝም» የሚለውስ በምን መለኪያ ነው? ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንትን ሲያነጋግር የኖረ ነው፤ ስለ ልብስና ስለ ምግብ፥ ስለ ቤትና ስለ መሬት ብዙ ተብሎበታል። ዛሬ በዚህ ገጽ የምናነሣው ግን ስለ ልብስና ስለ መሬት አይደለም። ከእጅ መዳፍ ጥቂት ስለሚበልጥ፥ በኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ስለሚቀመጥ፥ ግራፊክስ ካርድ ስለሚባል ዕቃ ነው። አንባብያን «ይህ ደግሞ ከመቼ ወዲህ የካህናት ነገር ሆነ?» ብለው እንዳይደነቁ፥ ነገሩ ወደ እኔ የመጣበትን ምክንያት አስቀድሜ ልናገር።

አንድ የንስሐ ልጄ፥ ዕድሜው ሠላሳ ያልሞላ፥ በአዲስ አበባ በሒሳብ ሠራተኛነት የሚተዳደር ወጣት፥ ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ተሳልሞ ሲያበቃ ቆም አለ። «ምነው ልጄ?» ብዬ ብጠይቀው፥ «አባ፥ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ብዬ ነበር፤ ግን አይሣቁብኝ» አለኝ። ጥያቄውም ይህ ነበረ። ለጨዋታ የሚገለገልበት ኮምፒዩተር አለው፤ በውስጡ ያለው ካርድ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ከአዳዲሶቹ ጨዋታዎች አንዳንዶቹን ሊከፍትለት አልቻለም። በዚያ ወር ደግሞ ዕቁብ ደርሶት መቶ ሺህ ብር በእጁ ገብቷል። «አዲስ ልግዛበት ወይስ ባለው ልቈይ? መግዛቱስ ኃጢአት ይሆንብኛል?» አለ።

እኔም ነገሩን ሳላጣራ ቶሎ መለስሁለት። «ልጄ፥ አንተ ጎልማሳ ነህ፤ ጨዋታ የሕፃን ነው፤ ገንዘቡን ለሚጠቅም ነገር አውለው» አልሁት። እርሱም «እሺ አባ» ብሎ ሄደ። አንደበቱ እሺ አለ እንጂ ፊቱ እሺ አላለም። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ከሩቅ ሰላምታ ሰጥቶ ያልፍ ነበር እንጂ አልቀረበኝም።

በዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዕቃውን በስሙ ፈረድሁበት። «ጨዋታ» የሚለውን ቃል ሰምቼ ፍርዱን ሰጠሁ፤ ጨዋታው ለዚያ ሰው ምን እንደሚያደርግለት አልጠየቅሁም። ዳኛ የከሳሽን ቃል ብቻ ሰምቶ ቢፈርድ እንነቅፈዋለን፤ እኔ ግን የከሳሽንም የተከሳሽንም ቃል ሳልሰማ ፈርጄ ነበር።

ከወር በኋላ አስጠርቼ አነጋገርሁት። ያን ጊዜ ታላቅ ወንድሙ በአሜሪካ በሚኒሶታ እንደሚኖር፥ የሌሊት ሠራተኛ እንደ ሆነ፥ እርሱ ከሥራ ተመልሶ ጥቂት ሲያርፍ በእኛ አገር ማታ እንደሚሆን፥ ሁለቱ ወንድማማቾች ሐሙስ ሐሙስ ማታ በየኮምፒዩተራቸው ፊት ተቀምጠው አንድ ጨዋታ አብረው እንደሚጫወቱ ነገረኝ። በጨዋታው መካከል በድምፅ ማስተላለፊያ ይነጋገራሉ። «በስልክ ስንደዋወል ‹እንዴት ነህ? ደኅና ነኝ፤ እናታችን እንዴት ናት? ደኅና ናት› ብለን ዝም እንላለን። ስንጫወት ግን እጃችን ሥራ ስለሚይዝ አፋችን ይፈታል፤ የአባታችንን ሞት እንኳ ያወራነው እዚያ ነው» አለኝ። ይህን ስሰማ ዝም አልሁ። ሴቶች ቡና ሲለቅሙ፥ ሸማኔዎች ሲሸምኑ፥ የቆሎ ተማሪዎች እንጨት ሲለቅሙ የሚነጋገሩትን ነገር ፊት ለፊት ተቀምጠው ተነጋገሩ ቢሏቸው እንደማይነጋገሩት ማን ያጣዋል? ያ ወጣት የጠየቀኝ ስለ መጫወቻ ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ ለመፍረድ መማር ይገባኛልና እርሱ መምህር፥ እኔ ደቀ መዝሙር ሆኜ ነገሩን እንዲያስረዳኝ ለመንሁት። ያስተማረኝንም፥ በኋላም ራሴ አንብቤ ያረጋገጥሁትን ባጭሩ እጽፋለሁ። የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በኮምፒዩተር መስኮት ላይ የምናየው ሥዕል ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። የእርሱን በመሰለ ተራ ስክሪን ላይ አግድም 1,920፥ ቁልቁል 1,080፥ በድምሩ 2,073,600 ነጥቦች አሉ። ሥዕሉ ሕያው መስሎ እንዲንቀሳቀስ ካርዱ ይህን ሁሉ ነጥብ በአንዲት ሴኮንድ 60 ጊዜ አስልቶ ቀለም ይሰጠዋል፤ ይህም በሴኮንድ ከ124 ሚሊዮን ነጥብ በላይ ነው። በብራና ላይ አንዲት ሥዕል ለመጨረስ ሳምንታት የሚደክም ሠዓሊ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን? ያም ሆነ ይህ፥ የሰው ልጅ አእምሮ የደረሰበትን ማድነቅ ነውር አይደለም፤ ዕቃውን ያላደነቀ ሰው ስለ ዕቃው ምኞት ሊፈርድ አይችልም።

በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው በ1993 በአሜሪካ የተመሠረተው ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ ነው፤ ኤ.ኤም.ዲ. የተባለውም ተወዳዳሪው ነው። የወጣቱ ካርድ ኤንቪዲያ በሐምሌ 2016 ያወጣው ጂ.ቲ.ኤክስ. 1060 የሚባለው፥ 6 ጊጋባይት ማስታወሻ ያለው፥ ዋጋው ሲወጣ ከ249 ዶላር ይጀምር የነበረ ነው። ይህ ካርድ ለብዙ ዓመታት በዓለም ላይ በተጫዋቾች ዘንድ እጅግ ከተስፋፉት አንዱ ነበረ። ኩባንያው በየትውልዱ የሚያወጣቸውን ካርዶች በሊቃውንት ስም መጥራት ልማዱ ነው፤ የዚህ ካርድ ትውልድ የተጠራው በፈረንሳዊው ሊቅ በብሌዝ ፓስካል ስም ነው። ፓስካል በ17ኛው መቶ ዓመት የኖረ፥ ገና በወጣትነቱ የሒሳብ ማስሊያ መሣሪያ የሠራ፥ በኋላም ሰው ከራሱ ጋር ብቻውን መቀመጥ ስለሚያስጨንቀው በመዝናኛ ላይ መዝናኛ እንደሚያሳድድ አጥብቆ የጻፈ ሰው ነው። ስሙ በጨዋታ ካርድ ላይ መዋሉን ቢያይ ይሥቅ ይሆን ወይስ ያዝን? ይህን ለወጣቱ ብነግረው እርሱ ግን ሣቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በየሁለት ዓመቱ ገደማ አዲስ ትውልድ ይወጣል፤ በ2016፥ በ2018፥ በ2020፥ በ2022፥ ከዚያም በ2025 ወጥቷል። ለተጫዋቾች ከሚሸጡት ከላይ የሚቀመጠው ካርድ በ2017 699 ዶላር ነበረ፤ በ2018 ከ999 ዶላር ጀመረ፤ በ2022 1,599፥ በ2025 1,999 ዶላር ሆነ። የወጣቱ ካርድ 120 ዋት የመብራት ኃይል ሲፈልግ፥ የ2025ቱ ታላቅ ካርድ 575 ዋት ይፈልጋል፤ አምስት እጥፍ ለመሙላት ጥቂት ነው የቀረው። ስለዚህ ትናንት የሁሉ የበላይ የነበረው ዛሬ መካከለኛ፥ ነገ ደግሞ የበታች ይባላል። ካርዱ ራሱ አልደከመም፤ ያወጣው የነበረውን ሥዕል ዛሬም ያወጣል። የተለወጠው አጠገቡ የቆመው ነው።

መለኪያውም ቢሆን በሻጩ እጅ መሆኑን ልብ እንበል። በጥር 2025 በላስ ቬጋስ በተደረገው ታላቅ የቴክኖሎጂ ዐውደ ርእይ የኤንቪዲያ ኃላፊ ጄንሰን ኋንግ ቀርበው፥ 549 ዶላር የሚሸጠው አር.ቲ.ኤክስ. 5070 ካርድ 1,599 ዶላር ይሸጥ ከነበረው 4090 ጋር በሥራ እንደሚተካከል አስታወቁ፤ ይህም በሰው ሠራሽ አእምሮ ርዳታ የሆነ መሆኑን ጨምረው ተናገሩ። ይህስ እንደ ምን ነው ቢሉ፥ ካርዱ አንዱን ሥዕል በእውነት ያሰላል፤ ከዚያ በኋላ፥ ያን ጊዜ እንደ ተነገረው፥ እስከ ሦስት የሚደርሱ ሥዕሎችን በግምት ፈጥሮ ያስገባል። ስለዚህ በሴኮንድ የሚቈጠረው የሥዕል ብዛት ወደ አራት እጥፍ ሊቀርብ ይችላል። ያለዚህ ርዳታ የመረመሩት ሰዎች ግን 5070ው ከ4090ው በብዙ ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። ደግሞም ተጫዋቹ በእጁ ቢያዝዝ፥ ትእዛዙን የሚሰሙት በእውነት የተሰሉት ሥዕሎች ናቸው፤ በግምት የገቡት አይሰሙም። ዓይን ለስላሳ ነገር ያያል፥ እጅ ግን ያንኑ መዘግየት ይሰማል። እኔ ይህን ሐሰት ነው አልልም፤ ዓይን በእርግጥ ለስላሳ ያያልና። ነገር ግን አንዱን እህል በሦስት ገለባ ጨምሮ አራት ብሎ የሚሰፍር ሰፋሪ በገበያ ቢገኝ፥ ሸማቹ ቁናውን ይመርምር እንለዋለን።

ችኰላም ሌላ ወጥመድ ነው። በመስከረም 2020 አር.ቲ.ኤክስ. 3080 የተባለው ካርድ በ699 ዶላር ወጣ። በወረርሽኙ ጊዜ ሰው ሁሉ በቤቱ በመቀመጡ፥ የቺፕ እጥረትም በመድረሱ፥ በካርዶቹ ኢቴሪየም የተባለውን የዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱ ሰዎችም ገበያውን በማጥለቅለቃቸው ካርዱ ከመደብር ጠፋ። በ2021 ከሁለተኛ እጅ ከእጥፍ በላይ ከፍለው የገዙት ብዙዎች ናቸው። በመስከረም 2022 ኢቴሪየም አሠራሩን ለውጦ ካርድ የማያስፈልገው በሆነ ጊዜ የአምራቾቹ ካርዶች ወደ ገበያ ተመለሱ፤ ዋጋውም ወደቀ። «አሁን ካልገዛሁ አላገኝም» ብለው የከፈሉት ሰዎች የካርዱን ዋጋና የፍርሃታቸውን ዋጋ አብረው ከፈሉ።

ይህን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ ወጣቱን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። «የሚጎድልህ ነገር አለ አልኸኝ፤ ጕድለቱ መቼ ተጀመረ? አዲሱን ካርድ ከማየትህ በፊት ነውን ወይስ ካየህ በኋላ?»

ጥቂት አሰበና «ሁለት ናቸው አባ» አለኝ። «አንደኛው የጀመረው በአንድ ሐሙስ ማታ ነው። ከወንድሜ ጋር አዲስ ጨዋታ ልንጀምር ተስማምተን ነበር፤ ብከፍተው ካርድህ አይችለውም የሚል ጽሑፍ አወጣ። ሁለተኛው የጀመረው በሌላ ሌሊት ነው። እንቅልፍ እንቢ ቢለኝ በስልኬ አዲሶቹን ካርዶች የሚያነጻጽሩ ሰዎችን ሳይ አደርሁ። በማግስቱ የራሴን ጨዋታ ብከፍተው የደበዘዘ መሰለኝ። ከዚያ በፊት ግን ሲያምረኝ ነበር።»

እንዲህ ዐይቶ የሚናገር ሰው ንስሐ አባት ብዙ አያስፈልገውም። ሁለቱ ጕድለቶች በአንድ ስም ይጠራሉ እንጂ ዘራቸው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ከሥራው የመጣ ነው፤ ያለ ማንም ምስክር ራሱ ይናገራል። በእርግጥም ከ2024 ወዲህ ብርሃንን እየተከተለ የሚያሰላ ክፍል የሌለውን ካርድ ፈጽመው የማይቀበሉ ጨዋታዎች ወጥተዋል፤ በታኅሣሥ 2024 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጨዋታ፥ በግንቦት 2025 የወጣው ዱም የሚባለውም ከእነዚህ ናቸው። ኤንቪዲያም ለፓስካል ትውልድ ካርዶች ለአዳዲስ ጨዋታዎች የሚያዘጋጀውን ድራይቨር በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ ከዚያ ወዲህ የሚሰጠው ለደኅንነት የሚሆነውን ማስተካከያ ነው። ይህ ጕድለት መጨረሻ አለው፤ ጨዋታው የተከፈተ ዕለት ዝም ይላል። ሁለተኛው ግን ከማነጻጸር የተወለደ ነውና አዲስ ካርድ በወጣ ቍጥር እንደ ገና ይወለዳል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ተቃውሞ አለ፤ ያቀረበብኝም ሌላ ሰው ሳይሆን የገዛ ራሴ መነጽር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መነጽሬ አርጅቶ ሳለ «ይበቃኛል» እያልሁ ሦስት ዓመት አቈየሁት፤ በቍጠባዬም ልቤ ይኰራ ነበር። አንድ ቀን በንባብ መካከል አንዱን ፊደል በሌላው ለውጬ አነበብሁና ዲያቆኑ ቀስ ብሎ አረመኝ። ከዚያ በኋላ የባልንጀራዬን መነጽር ተውሼ ባደርገው ገጹ እንደ ጠዋት ሰማይ ጠራልኝ። እስከዚያ ድረስ እንደማላይ አላወቅሁም ነበር፤ ጕድለቴን ያወቅሁት በማነጻጸር ነው። እንግዲህ «ካነጻጸርህ በኋላ የመጣ ጕድለት ሁሉ ሐሰት ነው» ብንል፥ በመነጽሬ ላይ የፈጸምሁትን ስንፍና ጽድቅ ማድረጋችን ነው። አሮጌ ዕቃ ይዞ መኖርም ራሱን የቻለ ትዕቢት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ከሌላ አልሰማሁትም።

ታዲያ ልዩነቱ በምን ይታወቃል? ካነጻጸሩ በኋላ ወደ ሥራው በመመለስ ነው። እኔ የባልንጀራዬን መነጽር መልሼ የራሴን ባደርግ፥ ፊደሉ ደብዝዞ ቈየ፤ ነገ ብመለስም ያው ነበረ፤ ስሕተቱም በምእመናን ፊት ተሰምቶ ነበር። ወጣቱን «አንተስ በዚያ ሐሙስ ከወንድምህ ጋር በአሮጌው ጨዋታ ስትገናኙ ሥዕሉ መደብዘዙ ታወቀህን?» ብዬ ጠየቅሁት። «በመጀመሪያ አምስት ደቂቃ ታወቀኝ፤ ከዚያ ረሳሁት» አለኝ። እውነተኛ ጕድለት ሥራ ላይ ሳለህ ይወጋሃል፤ ከማነጻጸር ብቻ የተወለደው ሥራ ስትጀምር ይረሳል፥ ሥራ ስትፈታ ይመለሳል።

ይህ ከሆነ መልሱ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ለመጀመሪያው ጕድለት የሚበቃ ካርድ ይገዛል፥ ሁለተኛውም ይተዋል። «ለመሆኑ የትኛውን ልትገዛ አስበህ ነበር?» ብለው ግን «5070 ቲ.አይ. የሚባለውን፥ 749 ዶላር» አለኝ። «ጨዋታውን ለመክፈት የሚበቃውስ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በ299 ይገኛል» አለ። እንዴት ከ299 ወደ 749 እንደ ደረሰ ጠይቄው የነገረኝን እዚህ ላስቀምጠው፤ ከነገሩ ሁሉ ይህ ነው ያስደነቀኝ።

በ2025 ካወጡት ካርዶች 5060 የሚባለው ሲወጣ 299 ዶላር ነበረ። ነገር ግን ማስታወሻው 8 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ወደ ፊት ያንሳል ብለው የነቀፉትም ብዙዎች ናቸው። ጥቂት ቢጨምሩ በ379 ዶላር የሚበረታ ካርድ ነበረ፤ እርሱም ማስታወሻው ያው 8 ነው። ሌላ 50 ዶላር ቢጨመር በ429 ማስታወሻው 16 ይሆናል። «እዚህ ከደረስሁስ» ይልና 549 ዶላር የሚሸጠውን ያያል፤ እርሱ ደግሞ ብርቱ ሆኖ ሳለ ማስታወሻው ወደ 12 ይወርዳል። እንግዲያስ 16 ያለውና ብርቱውን በ749! በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ የሚጨመረው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም እውነተኛ ምክንያት ነው፤ የበታቹ ካርድ አንዲት ጕድለት ሆን ተብሎ የተተወችለት ይመስላል። በአንዱም እርከን ላይ ልጁ ሞኝነት አልሠራም። ነገር ግን ከታች የጀመረበትን ጉዳይ ላይኛው እርከን ላይ ሲደርስ ረስቶታል። ምኞት ባዶ እጁን ቢመጣ እናውቀዋለን፤ የሚመጣው ግን የችግርን ልብስ ለብሶ፥ የችግርን ደብዳቤ ይዞ ነው።

ዕቃም ዕቃን ይጠራል። ለ749 ዶላሩ ካርድ ኩባንያው የሚያዝዘው የመብራት ማደያ 750 ዋት ነው፤ የእርሱ 550 ነው፤ ስለዚህ ያም ይገዛል። ስክሪኑ በሴኮንድ ከ60 ሥዕል በላይ አያሳይም፤ ካርዱ 150 ቢያወጣ ትርፉ በአብዛኛው ከስክሪኑ በር ላይ ይቀራል፤ የወንዝን ውኃ በአንዲት ገንቦ አፍ እንደ ማስገባት ነው። ስለዚህ ስክሪንም ይገዛል። ፕሮሰሰሩም አሮጌ ነው። ለዚህስ ቀላል መፈተኛ አለው፤ የጨዋታውን የሥዕል ጥራት ዝቅ አድርጎ ፍጥነቱን ማየት ነው። ጥራቱ ዝቅ ብሎ ፍጥነቱ ካልጨመረ ድካሙ በካርዱ ሳይሆን በአብዛኛው በፕሮሰሰሩ ነው። ይህን ሳይፈትሹ ካርድ የሚለውጡ ሰዎች እግሩ ለታመመ ሰው የዓይን መድኃኒት የሚያዝዝ ሐኪምን ይመስላሉ። የእርሱን ፈተነው፤ ድካሙ የካርዱ ሆኖ ተገኘ።

ዋጋውን በብር እናስበው። እስከ ሐምሌ 2024 ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበረ፤ በዚያ ወር መጨረሻ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር አለፈ። ስለዚህ 299 ዶላር የነበረው 17,000 ብር ገደማ፥ ከ38,000 ብር በላይ ሆነ፤ 749ኙም ከ97,000 ብር በላይ ነው። ይህም ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመር ነው። ዕቁቡ መቶ ሺህ ነበረ ብያለሁ። ይህን ስንቈጥር ወጣቱ ዐንገቱን ደፋ። ለካስ ዕቁቡን ሲጀምር ለእናቱ የነገራት ነገር ነበረ፤ የቤቷ ጣራ ቆርቆሮ ዝጎ በክረምት ስለሚያፈስ፥ ዕቁቡ ሲደርሰው ሊያስለውጥላት ቃል ገብቶላት ነበር። ይህን በመጀመሪያው ቀንም፥ በዛሬውም ንግግር እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላነሣውም።

እዚህ ላይ «ያዝሁህ!» ለማለት ምላሴ ደርሶ ነበር። ነገር ግን አልሁ በልቤ፤ ጣራው ቢነሣ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን እኔ «ጣራውን ሥራ» ብዬ አሰናብተው ነበር፤ እርሱም ይሠራው ነበር፤ ሐሙስ ማታም ይጠፋ ነበር፤ እናቱም ቢሆን ልጆቿ የሚነጋገሩባት ማታ መጥፋቷን ብታውቅ ደስ የሚላት አይመስለኝም። ሁለት እውነተኛ ነገሮች በአንድ ከረጢት ሲጣሉ የሚያስታርቃቸው፥ በመካከላቸው የገባውን ሦስተኛ ማውጣት ነው። የጣራው ገንዘብና የወንድማማቾቹ ካርድ አልተጣሉም፤ ሁለቱንም ያጣላቸው ከ299 በላይ ያለው 450 ዶላር ነው።

ምን እንደሚያደርግ አልነገርሁትም። አንድ ጊዜ ቸኵዬ ነግሬው አይቼዋለሁና። ሄዶ ከወንድሙ ጋር ተማከረ። ወንድሙም ምንም አዲስ አያስፈልግ አለው፤ በ2021 የወጣውን፥ 12 ጊጋባይት ያለውን 3060 የተባለውን ካርድ ያገለገለውን እንዲፈልግ መከረው። እርሱም ባለው 550 ዋት የመብራት ማደያ ይሠራል፤ ጨዋታውንም ይከፍታል። አንድ ዘመዳቸው ከዱባይ ሲመለስ ይዞለት መጣ። ወጣቱ ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ የሚጠየቀውን ሁሉ ጠይቋል፤ ይልቁንም በ2021 እንደ ነበሩት ካርዶች ሌሊትና ቀን ገንዘብ ሲያመርት የከረመ እንዳይሆን። በመጀመሪያው ሐሙስ ጨዋታው ተከፈተ፤ ሥዕሉ ያምር ነበር አለኝ፤ ግን ያን ማታ ያወሩት ስለ ቆርቆሮ ዋጋ ነው። ጣራው ከክረምት በፊት ተለወጠ፤ ገንዘቡ ያልበቃውን ወንድሙ ጨመረበት።

ነገሩ እዚህ ያልቃል ብዬ ሳለሁ ወጣቱ እንደ ገና መጣ። አሮጌውን 1060 ለጎረቤት ልጅ፥ ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፥ ሸጦለት ነበር፤ ልጁም በደስታ ሲዘል እንደ ነበረ እየሣቀ ነገረኝ። ለአንዱ የደበዘዘው ለሌላው እንደ ጠዋት ፀሐይ ሆነ ማለት ነው። እኔም «ድራይቨሩ በጥቅምት መቆሙን፥ ከአዳዲሶቹም ጨዋታዎች የማይከፍታቸው እንዳሉ ነግረኸዋል?» ብዬ ጠየቅሁት።

ሣቁ ቆመ። «አልጠየቀኝም» አለ።

ዝም አልን። ከዚያ «ልሂድ አባ» ብሎ ተነሣ፤ በማግስቱም ለልጁ ነገረው። ልጁ «ዐውቄው ነበር፤ የእኔ ጨዋታዎች አሮጌ ናቸው» አለው። ወጣቱ ግን ከተቀበለው ብር ሲሶውን መለሰለት፤ ልጁ እንቢ ቢለውም በኪሱ አኖረለት።